«ይህን ማየት አልፈልግም» ስንል ማን ይሰማል? የማኅበራዊ ሚዲያ ፊድና የተጠቃሚው ሥልጣን

በአብዛኞቹ የማኅበራዊ ሚዲያ መተግበሪያዎች ላይ ከእያንዳንዱ ልጥፍ ጎን ሦስት ትናንሽ ነጥቦች አሉ። ነጥቦቹን የነካ ሰው «አልወደድኩትም»፣ «ይህን መሰል አታሳየኝ»፣ «ሪፖርት አድርግ» የሚሉ ምርጫዎች ይዘረዘሩለታል። አንዱን ይመርጣል፤ መተግበሪያውም ያመሰግነዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው ዓይነት ቪዲዮ፣ በሌላ ሰው ፊትና በሌላ ሙዚቃ ታጅቦ፣ ተመልሶ ይመጣል።

ይህ ቅሬታ ዛሬ ከግል ንዴት አልፎ የሕግ ጉዳይ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት፣ ቻይናና የአሜሪካዋ ኒው ዮርክ ግዛት ተጠቃሚው በሚያየው ነገር ላይ ምን ያህል ሥልጣን ሊኖረው እንደሚገባ በየፊናቸው ደንግገዋል። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ «አልጎሪዝም ይኑር ወይስ ይቅር?» በሚል ይቀርባል። ይህ አቀራረብ መንገድ ያስታል። ቁልፉ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ተጠቃሚው አስቦ የሚናገረው ፈቃድ፣ ሳያስብ በጣቱ ከሚያደርገው ነገር ጋር ሲጋጭ መድረኩ የሚያምነው የትኛውን ነው? (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊድ ምንድን ነው? ከየትስ መጣ?

ፊድ የሚባለው መተግበሪያው ሲከፈት ከላይ ወደ ታች የሚወርደው የልጥፎች ሰልፍ ነው። ልጥፍ ደግሞ ሰዎች የሚያወጡት ማንኛውም ነገር ነው፤ ጽሑፍም ይሁን ፎቶ ወይም ቪዲዮ። ዛሬ ያለ ፊድ ማኅበራዊ ሚዲያን ማሰብ ያስቸግራል፤ መጀመሪያ ላይ ግን አልነበረም። በፌስቡክ የመጀመሪያ ዓመታት የወዳጁን ወሬ ማወቅ የፈለገ ሰው ወደ ወዳጁ ገጽ ራሱ መሄድ ነበረበት። ኩባንያው የሁሉንም ወሬ አንድ ቦታ የሚሰበስበውን «ኒውስ ፊድ» ያመጣው በ2006 ሲሆን፣ ያን ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች የተቃውሞ ቡድን መሥርተው ይጥፋልን አሉ። የተቃውሞው ወሬ በፍጥነት የተዛመተው በዚያው በተቃወሙት ፊድ በኩል መሆኑን ኩባንያው ልብ ሳይለው አልቀረም። ፊዱም ቀረ፤ የሌሎቹም መድረኮች መሠረት ሆነ።

በ2006 የተጀመረው ትዊተርም (ዛሬ ኤክስ የሚባለው) ሆነ በ2010 የመጣው ኢንስታግራም መጀመሪያ ልጥፎችን የሚደረድሩት በጊዜ ነበር፤ አዲሱ ከላይ፣ የቆየው ከታች። ፌስቡክ ከ2009 ጀምሮ ብዙ ሰው የወደደውን ወደ ላይ ማውጣት ጀመረ። ሁለቱ መድረኮችም በ2016 ተከተሉት። ኢንስታግራም ያን ጊዜ የሰጠው ምክንያት ሰዎች በአማካይ ከፊዳቸው 70 በመቶውን ሳያዩት ያልፋል የሚል ነበር። ምክንያቱ ሐሰት አልነበረም። መቶዎችን የሚከተል ሰው ሁሉንም ለማየት ጊዜ የለውም፤ የእኅቱ የሠርግ ፎቶ በቀን ሃያ ጊዜ በሚለጥፍ ሰው ሥር ሊቀበር ይችላል። ከዚያ ሁሉ መርጦ የሚያስቀድም ነገር ያስፈልግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ከቅደም ተከተል የበለጠ ነገር ተለወጠ። ቲክቶክ ይዞት የመጣው ፊድ ማንንም መከተል አይጠይቅም፤ የሚያሳየው በአብዛኛው ተጠቃሚው ስማቸውን እንኳ ሰምቶ የማያውቃቸውን ሰዎች ሥራ ነው። ሌሎቹም መድረኮች በየመጠናቸው ያንኑ ያዙ። ስለዚህ ስለ ፊድ ቁጥጥር ሲወራ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ይደባለቃሉ። አንደኛው እኔ የመረጥኳቸው ሰዎች ልጥፎች በምን ቅደም ተከተል ይምጡልኝ የሚለው ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያውኑ እኔ ያልመረጥኳቸው ይምጡብኝ ወይ የሚለው ነው። የመጀመሪያውን የሚያስተካክል ቁልፍ ሁለተኛውን ላይነካ ይችላል።

አልጎሪዝሙ የሚመርጠው እንዴት ነው?

አልጎሪዝም፣ በአማርኛ ስልተ ቀመር፣ አንድን ሥራ ደረጃ በደረጃ ለመፈጸም የተቀመጠ መመሪያ ነው። በጊዜ መደርደርም አልጎሪዝም ነው፤ «አዲሱን ከላይ አድርግ» የምትል አጭር መመሪያ መሆኗ ብቻ ነው ልዩነቱ። ሰዎች በአልጎሪዝም ሲያማርሩ የሚያማርሩት በሌላው ዓይነት ነው፤ ተጠቃሚው ምን እንደሚያደርግ ገምቶ በዚያ ግምት በሚደረድረው።

ይህ ዓይነቱ በውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ለብዙ ዓመታት ከውጭ ሆኖ መገመት ብቻ ነበር የሚቻለው። በመጋቢት 2023 ግን ትዊተር የራሱን ኮድ ከፊሉን ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ከዚያ የታየው ሂደት በጥቅሉ እንዲህ ነው። በየቀኑ ከሚወጡት በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ልጥፎች ለአንድ ተጠቃሚ ይሆናሉ የተባሉ 1,500 ያህል ዕጩዎች ይሰበሰባሉ፤ በአማካይ ግማሾቹ ከሚከተላቸው ሰዎች፣ ግማሾቹ ከማይከተላቸው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዕጩ ማሽኑ ይገምታል፦ ይህ ሰው ይህን ልጥፍ ላይክ የማድረግ ዕድሉ ስንት ነው? መልስ የመጻፍ ዕድሉስ? ሪፖርት የማድረግስ? እያንዳንዱ ግምት አስቀድሞ በተወሰነለት ክብደት ይባዛል፤ ሁሉም ተደምሮ የልጥፉ ነጥብ ይሆናል። ነጥቡ የበለጠው ከላይ ይወጣል።

ነገሩ ያለው ክብደቶቹ ላይ ነው። በዚያ ወቅት ይፋ በሆነው ዝርዝር ላይክ የሚመዝነው 0.5 ነበር። መልስ መጻፍ 13.5፤ ማለትም የላይክ 27 እጥፍ። መልስ ተጽፎ የልጥፉ ባለቤት ራሱ ከመለሰበት 75። በተቃራኒው ወገን «አታሳየኝ» ማለት ወይም ልጥፉን ያወጣውን ሰው ማገድ ከዜሮ በታች 74፣ ሪፖርት ማድረግ ከዜሮ በታች 369 ይመዝናሉ።

እነዚህ ቁጥሮች ምን እንደሚያደርጉ በምሳሌ እናስላ። አንድ ማራኪ ፎቶ አለ እንበል፤ ተጠቃሚው ላይክ የማድረግ ዕድሉ 10 በመቶ፣ መልስ የመጻፍ ዕድሉ ዜሮ ነው። ነጥቡ 0.05 ይሆናል። ከጎኑ አንድ ነገር ፈላጊ አስተያየት አለ፤ ላይክ የማግኘት ዕድሉ 1 በመቶ ብቻ ነው፤ ሰውየውን አናድዶ መልስ የማስጻፍ ዕድሉ ግን 2 በመቶ ነው። ነጥቡ 0.275 ይሆናል። ተጠቃሚው ፎቶውን የመውደድ ዕድሉ ዐሥር እጥፍ ሆኖ ሳለ፣ አስተያየቱ ከአምስት እጥፍ በላይ በሆነ ነጥብ ቀድሞት ይወጣል። በዝርዝሩ ውስጥ የመልሱን መንፈስ የሚለይ ክብደት አልነበረም፤ ምስጋናም ስድብም መልስ ነው።

በፌስቡክም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። የቀድሞዋ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን በ2021 ይፋ ባደረገቻቸው የውስጥ ሰነዶች መሠረት፣ ከላይክ ጎን የተጨመሩት የስሜት ምልክቶች ከ2017 ጀምሮ እያንዳንዳቸው የላይክ አምስት እጥፍ ይመዝኑ ነበር። የቁጣዋ ምልክት ከመካከላቸው ነበረች። ኩባንያው የእርሷን ክብደት ደረጃ በደረጃ ቀንሶ በ2020 ዜሮ አደረገው። አንድ ቁጥር ተለወጠ፤ በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚያዩት ነገር ተለወጠ። ከተጠቃሚዎቹ ግን አስቀድሞ የተጠየቀ የለም።

ታዲያ የሚመጣልኝ እኔው ራሴ የመረጥኩት አይደለም?

መድረኮቹ የሚሰጡት መልስ ይኸው ነው፦ «የምናሳይዎ እርስዎ ያዩትን ዓይነት ነው።» አነጋገሩ ግማሽ እውነት አለው። ፊዱን የሚያሠለጥነው የተጠቃሚው ድርጊት ነው። ችግሩ «ድርጊት» የሚባለው ምን እንደሆነ ነው። አንድ አስተናጋጅ እናስብ፤ የታዘዘውን አይጽፍም፤ የሚያየው የእንግዳው ዐይን የት እንዳረፈ ነው። እንግዳው ሾርባ አዝዞ ዐይኑ ለአፍታ ወደ ጎረቤቱ ኬክ ከዞረ ኬክ ይመጣለታል። በማግስቱም ኬክ፣ በሳልስቱም ኬክ። እንግዳው ሲቆጣ አስተናጋጁ «እርስዎ እኮ ነዎት ያዩት» ይላል።

ዩቲዩብ በ2012 ቪዲዮዎችን ለመምከር፣ ማለትም «ይህን ይመልከቱ» ብሎ ለማቅረብ፣ ከጠቅታ ብዛት ይልቅ ሰው ስንት ደቂቃ እንደተመለከተ መቁጠር ጀመረ። ለውጡ ጥሩ ምክንያት ነበረው፤ አታላይ ርዕስ ሰጥተው ሰው የሚያስጠቅቱ ቪዲዮዎችን ለማዳከም ነው። ነገር ግን ደቂቃም ቢሆን ፍላጎትን ሙሉ በሙሉ አይለካም። የመኪና አደጋ ሲያይ ቆሞ የሚመለከት ሰው ነገ ሌላ አደጋ ማየት ይፈልጋል ማለት አይደለም። ሰው የሚያፈጥበት ነገር ብዙ ነው፤ የሚደነግጥበት፣ የሚጸየፈው፣ የሚቀናበት። በማሽኑ መዝገብ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ደቂቃዎች ናቸው።

ይህ ልዩነት በጥናትም ታይቷል። በትዊተር ላይ ተመራማሪዎች የመድረኩን ምርጫ በጊዜ ቅደም ተከተል ከሚመጣው ጋር አነጻጽረው ተጠቃሚዎቹን ራሳቸውን ጠየቁ። አልጎሪዝሙ ስሜት የሚያጋግሉና ሌላውን ወገን የሚያጥላሉ ልጥፎችን አብዝቶ ያመጣ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ ደግሞ ከእነዚያ ውስጥ ፖለቲካ ነክ የሆኑትን ከሌላው አስበልጠው እንደማይፈልጉ ተናገሩ። እጃቸው ያጨበጨበለትን አፋቸው አልመረጠውም።

መድረኮቹ ለምን ድርጊትን ያምናሉ? አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ድርጊት በየሰከንዱ ይገኛል፣ ቃል ግን መጠየቅ ይፈልጋል። ሌላው ገቢ ነው። ማስታወቂያ የሚሸጠው ሰው በቆየ ቁጥር ነው። ሁለቱ ምክንያቶች በአንድ አቅጣጫ ስለሚገፉ ለይቶ ማየት ያስቸግራል፤ መለየቱ ግን ይጠቅማል። የመጀመሪያው በቴክኒክ ሊሻሻል ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ኩባንያው ራሱ ገቢውን የሚቀንስ ውሳኔ እንዲወስን ይጠይቃል።

«አልወደድኩትም» የሚሉት ቁልፎች ይሠራሉ?

በመጠኑ። ሞዚላ ፋውንዴሽን በ2022 ያወጣው ጥናት ከ20 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኛ የዩቲዩብ ተጠቃሚዎችን መረጃ ይዞ ይህንኑ ጥያቄ መርምሯል። ጥያቄው ቀጥተኛ ነበር፤ ሰው አንድን ቪዲዮ ከተቃወመ በኋላ ያንን የሚመስሉ ምክሮች ምንም ካላደረገ ሰው ጋር ሲነጻጸሩ በምን ያህል ይቀንሳሉ? «ይህን ቻናል አትምከረኝ» የሚለው ቁልፍ የማይፈለጉትን ምክሮች በ43 በመቶ ቀንሷል። ቪዲዮውን ከታየው ዝርዝር መሰረዝ በ29 በመቶ። ወደ ታች የተገለበጠው አውራ ጣት በ12 በመቶ። «ፍላጎት የለኝም» የሚለው፣ ማለትም ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ቁልፍ፣ በ11 በመቶ ብቻ።

ዩቲዩብ በሰጠው ምላሽ ቁልፎቹ አንድን ርዕስ ወይም አመለካከት ሙሉ በሙሉ እንዲያጠፉ ታስበው እንዳልተሠሩ፣ እንዲያ ቢሆን ሰው የራሱን ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ክፍል ይፈጠር እንደነበር ገልጿል። መልሱ ሊያከራክር ይችላል፤ ነገር ግን ቁልፉን የሚጫን ሰው ይህን አያውቅም። «ፍላጎት የለኝም» ሲል ርዕሱን የዘጋ ይመስለዋል።

ቁልፎቹ ለምን እንደሚደክሙ ለመረዳት ወደ ክብደቶቹ እንመለስ። ከላይ ያየነው ከዜሮ በታች 74 ነጥብ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር የሚቀነስ ቅጣት አይደለም። የሚባዛው ተጠቃሚው ወደፊት «አታሳየኝ» የማለት ዕድሉ ተገምቶ በሚገኘው ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁልፉን መጫን ትእዛዝ ሳይሆን ለገማቹ የሚቀርብ አንድ ማስረጃ ነው። በሌላው ወገን ሳያውቀው የሰጣቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ማስረጃዎች አሉ፤ የቆየባቸው ሰከንዶች፣ እንደገና ያያቸው ቪዲዮዎች፣ ለጓደኛ የላካቸው። በተጨማሪ ቃሉ ራሱ አሻሚ ነው። «ፍላጎት የለኝም» ያለው ስለ ቪዲዮው ነው? ስለ ርዕሱ? ስለ ሰውየው? ወይስ ዛሬ ስለ ደከመው? የቻናሉ ቁልፍ የተሻለ የሠራው ይህ አሻሚነት ስለሌለበት ይመስላል፤ የሚከለክለው ነገር ተለይቶ ታውቋል።

ከዚህ የጠነከረ ሌላ ዓይነት መሣሪያም አለ፤ የማሽኑን ትውስታ ማጥፋት። ቲክቶክ በ2023፣ ኢንስታግራም ደግሞ በ2024 መጨረሻ ምክሮችን ከዜሮ ለማስጀመር የሚያስችል ምርጫ ማምጣታቸውን አስታውቀዋል። ዩቲዩብ ከ2023 ጀምሮ የዕይታ ታሪኩን ላጠፋና ብዙም የቀደመ ታሪክ ለሌለው ሰው የመጀመሪያ ገጹን ባዶ አድርጎ ያሳያል። እነዚህ በእርግጥ ይሠራሉ። ነገር ግን ከዜሮ መጀመር የመማሪያውን ዘዴ አይለውጥም፤ ማሽኑ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዐይን ክትትል እንደገና መማር ይጀምራል።

በጊዜ ቅደም ተከተል ብቻ ቢሆንስ?

ብዙ ሰው የሚያነሣው መፍትሔ ይህ ነው፤ ሁሉም ነገር እንደ ድሮው በጊዜ ይደርደር። በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ይህን በትልቅ ሙከራ ፈትኖታል። በ2020ው የአሜሪካ ምርጫ ወቅት ፈቃደኛ የፌስቡክና የኢንስታግራም ተጠቃሚዎች ለሦስት ወራት ፊዳቸው በጊዜ ብቻ እንዲደረደር ተደረገ፤ የሁለቱ መድረኮች ባለቤት ሜታም ከተመራማሪዎቹ ጋር ተባብሯል። ውጤቱ ማንንም ሙሉ በሙሉ የሚያስደስት አልነበረም። ሰዎቹ በመድረኮቹ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ በግልጽ ቀነሰ። በፌስቡክ ላይ ስድብ ያለበት ይዘት ቀነሰ። ፖለቲካዊ ይዘትና ከማይታመኑ ምንጮች የሚመጣ ይዘት ግን ጨመረ። የፖለቲካ አመለካከታቸውና ለተቃራኒው ወገን ያላቸው ስሜት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም።

ውጤቱ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ጊዜ ገለልተኛ ዳኛ አይደለም፤ አዘውትሮ የሚለጥፈውን ያስቀድማል። ሁለተኛ፣ የሰዎቹ የቆይታ ጊዜ መቀነሱ ኩባንያዎች ይህን አማራጭ ለምን በጓዳ እንደሚያስቀምጡት ሳያብራራ አይቀርም። አማራጩ አለ እኮ። ትዊተር በ2018 መልሶታል፤ ኢንስታግራም በ2022 አምጥቶታል፤ ፌስቡክም በዚያው ዓመት ለብቻው ክፍል አዘጋጅቶለታል። ነገር ግን በኢንስታግራምም ሆነ በፌስቡክ ተጠቃሚው መተግበሪያውን ዘግቶ ሲከፍት ወደ አልጎሪዝሙ ይመለሳል። በየቀኑ እንደገና መመረጥ ያለበት ምርጫ ምርጫ ነው ወይ?

ይህ ጥያቄ በጥቅምት 2025 በአምስተርዳም ፍርድ ቤት መልስ አግኝቷል። ቢትስ ኦቭ ፍሪደም የተባለ የኔዘርላንድስ የዲጂታል መብቶች ድርጅት ሜታን ከሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በፌስቡክና በኢንስታግራም ላይ በግል መረጃ ያልተቀመረ ፊድ በቀላሉ እንዲገኝ፣ ተጠቃሚው ሲመርጠውም መተግበሪያው ተዘግቶ ቢከፈት ምርጫው ጸንቶ እንዲቆይ አዘዘ። ትእዛዙን ሳይፈጽም ለሚያልፍ ለእያንዳንዱ ቀንም የ100 ሺህ ዩሮ ቅጣት ወሰነ። ሜታ በውሳኔው እንደማይስማማ ገልጿል።

ሕጎቹ ምን ይላሉ?

ፍርድ ቤቱ የተመረኮዘው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ላይ ነው። ሕጉ በ2022 ወጥቶ፣ በኅብረቱ ውስጥ በወር ከ45 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ባላቸው ትልልቅ መድረኮች ላይ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆኗል። ለእኛ ርዕስ የሚሆኑ ሦስት ነጥቦች አሉት። መድረኩ ምክር ሲሰጥ ዋና ዋና መመዘኛዎቹ ምን እንደሆኑ በግልጽ ቋንቋ መጻፍ አለበት። ትልልቆቹ መድረኮች የተጠቃሚውን ባሕርይ በመቀመር ላይ ያልተመሠረተ ቢያንስ አንድ የአደራደር አማራጭ ማቅረብ አለባቸው። ገጹንም ተጠቃሚውን በሚያታልልና ምርጫውን በሚያዛባ መንገድ ማዋቀር ክልክል ነው። ቅጣቱ ከኩባንያው የዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ እስከ 6 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ቻይና ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለችው ደንብ በአንድ በኩል ከአውሮፓው ይልቃል፤ ተጠቃሚው ምክርን ጨርሶ የማጥፋት፣ እንዲሁም መድረኩ ስለ እርሱ የመዘገባቸውን የፍላጎት መለያዎች የመምረጥና የመሰረዝ መብት ይሰጠዋል። ያው ደንብ ግን መድረኮቹ መንግሥት የሚፈልጋቸውን እሴቶች እንዲያሰራጩም ያዛል። ሥልጣን ከኩባንያ መወሰዱ ለተጠቃሚው ተላለፈ ማለት ላይሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም። ኒው ዮርክ ደግሞ በ2024 የፈረመችው ሕግ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ወላጅ ካልፈቀደ በቀር፣ በአልጎሪዝም የተቀመረ ሱስ አስያዥ ፊድ እንዳይቀርብ ይከለክላል።

ፊዱን ሌላ ሰው ቢሠራልንስ?

እስካሁን ያየነው ሁሉ ኩባንያው የሠራውን ፊድ ስለ መግራት ነው። ከዚህ ራቅ ያለው ሐሳብ ልጥፎቹን የሚያስተናግደውንና የሚደረድረውን መለየት ነው። ፍራንሲስ ፉኩያማና ባልደረቦቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ሐሳብ በመድረኩና በተጠቃሚው መካከል የሚቆም፣ ሰው ራሱ የሚመርጠው የማጣሪያ አገልግሎት እንዲኖር ነው። አንዱ የሳይንስ ማኅበር ያዘጋጀውን ማጣሪያ ይወስዳል፤ ሌላው የሚያምነውን ጋዜጣ፤ ሌላው ምንም።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ አልቀረም። በትዊተር ውስጥ በ2019 እንደ ጥናት ተጀምሮ በኋላ ራሱን የቻለው ብሉስካይ የተባለ መድረክ፣ ከ2023 ጀምሮ ማንኛውም ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው የራሱን ፊድ ሠርቶ ለሌሎች እንዲያቀርብ ፈቅዷል። ተጠቃሚው የወፍ ፎቶ ብቻ የሚያመጣውን፣ የወዳጆቹን ጸጥ ያሉ ልጥፎች የሚያስቀድመውን ወይም በጊዜ የሚደረድረውን መርጦ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ከ2016 ጀምሮ ያለው ማስቶዶን የተባለ መድረክ ደግሞ ዋናውን ፊድ የሚደረድረው በጊዜ ነው፤ በብዙ ነጻ አገልጋይ ኮምፒውተሮች ላይ ስለተበተነም ሁሉንም በአንዴ የሚለውጥ ኩባንያ የለውም።

በትልልቆቹ መድረኮች ላይ ግን ከውጭ የመጣ መሣሪያ ብዙ ዕድል አላገኘም። አንድ እንግሊዛዊ የሶፍትዌር ባለሙያ ሰው በፌስቡክ የሚከተለውን ሁሉ በአንድ ጠቅታ እንዲተው፣ ጓደኝነቱን ግን እንዲያቆይ የሚያስችል መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ፊዱ ባዶ ይሆንለታል፤ ወሬ ሲፈልግ እንደ ጥንቱ ወደ ወዳጁ ገጽ ይሄዳል። ፌስቡክ በ2021 ባለሙያው መሣሪያውን ከአገልግሎት እንዲያነሣ አስገድዶ አካውንቱን ዘጋበት። የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኢታን ዙከርማን ተመሳሳይ መሣሪያ ለመሥራት ቢነሡ እንደማይከሰሱ ፍርድ ቤት እንዲያረጋግጥላቸው በ2024 ጠይቀው ነበር፤ ጉዳዩ ግን በዚያው ዓመት ውድቅ ሆነ።

መካከለኛ አገልግሎትም የራሱ ጣጣ አለው። ፊዱን የሚሠራልን ሰው የምንወደውን ሊያውቅ ነው፤ ያን መረጃ ምን ያደርግበታል? ሁሉም የሚመስለውን ማጣሪያ ከመረጠ የማይስማማበትን ድምፅ መቼ ይሰማል? የመጨረሻው ጣጣ ከሁሉም ይከብዳል፤ አብዛኛው ሰው ሴቲንግ የሚባለውን ክፍል ከፍቶ አያውቅም። ከመደርደሪያ ላይ ሃያ ዓይነት ምርጫ ማስቀመጥ ተጠቃሚው መጀመሪያ ሲገባ የሚያገኘውን የመተካት ያህል ለውጥ አያመጣም።

የእኔን ፊድ ብለውጥ ችግሩ ያበቃል?

አያበቃም፤ ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የሚለጥፉት ሰዎች የሚጽፉት ለእኔ ፊድ ሳይሆን አብዛኛው ሰው ለሚያየው ፊድ ነው። መልስ ከላይክ 27 እጥፍ የሚመዝን ከሆነ፣ ተነባቢነት የሚፈልግ ጸሐፊ መልስ የሚያስጽፍ ነገር መጻፍ ይማራል። ርዕሱን ያከርራል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰከንዶች ያስጮኻል። እኔ አልጎሪዝሙን አጥፍቼ በጊዜ ብደረድረው እንኳ የሚመጣልኝ ለአልጎሪዝሙ ተብሎ የተጻፈው ነው። የግል ቁልፍ የግል ገጽን ያጸዳል፤ ምንጩን የሚያደፈርሰው ክብደት ግን በሌላ ቦታ ይኖራል። ስለ ክብደቶቹ ግልጽነት የሚጠይቁ ሕጎች ስለ ቁልፎች ከሚናገሩት ያላነሰ ትርጉም ያላቸው ለዚህ ነው።

ዛሬ ምን ማድረግ ይቻላል?

በየመተግበሪያው የቁልፎቹ ስምና ቦታ ስለሚቀያየር ዝርዝሩ ብዙ አይጠቅምም፤ ከላይ ካየነው የሚወጡ ጥቂት ነገሮች ግን አሉ። ስም ያለው ክልከላ ከአጠቃላይ ቅሬታ ይበልጣል፤ «ፍላጎት የለኝም» ከማለት ይልቅ ቻናሉን ወይም ሰውየውን ማገድ፣ ቃል ማጣራት የሚቻልበት ቦታ ካለም ቃሉን መጻፍ ይሻላል። በስሕተት ወይም በጉጉት የታየን ቪዲዮ ከዕይታ ታሪክ መሰረዝ አውራ ጣት ከመገልበጥ የበለጠ ይሠራል። የሚያናድድ ልጥፍ ሥር «እንዴት እንዲህ ይባላል!» ብሎ መጻፍ ለማሽኑ «ጨምርልኝ» ማለት ሊሆን ይችላል። «የምከተላቸው» የሚል ክፍል ካለ በመጀመሪያ እርሱን መክፈት ያልመረጧቸውን ሰዎች በአብዛኛው ያስቀራል፤ ማስታወቂያውን ግን አያስቀርም።

አንድ መድረክ አዲስ የመቆጣጠሪያ ምርጫ አመጣሁ ሲል ደግሞ ለመፈተን ቀላል ነው። ምርጫውን ያብሩት፤ መተግበሪያውን ይዝጉት፤ በማግስቱ ሲከፍቱት እንደተዉት አገኙት? ከዚያም ስልክዎን ቢቀይሩ ወይም መተግበሪያው ቢታደስ ጸንቶ ይቆያል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚገኘው መልስ ከማስታወቂያው ይልቅ ምርጫው ለማን ተብሎ እንደተሠራ ይናገራል።